ማንን አነጋገሩ? ምን ጠየቁ? ለኮንግረስ ተወካዮቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ ክቡራን ሴናተሮች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአማርኛ መጻፌ እናንተን ለማስቸገር አይደለም። አስተርጓሚ እንደማታጡ አውቃለሁ። ድምፅ የሚሰጧችሁ የኛ ሰዎች ከእናንተ ጋር አብረው እንዲያነቡት ስለፈለግኩ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2024 የፌዴራል መንግሥቱን ለማግባባት ወደ 24.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ይህ ቁጥር የኔ ግምት ወይም የሰው ወሬ አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ሕግ አስገድዶት ያስመዘገበው ነው። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ አወቅን፣ ጥሩ። በዚያ ገንዘብ የሚሠሩት ሰዎች ከእናንተ መካከል ማንን እንዳነጋገሩ፣ ቁጭ ብለው ምን እንዲደረግላቸው እንደጠየቁ ግን አናውቅም። ይህን እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም። እንዲኖር ነው የምለምናችሁ።

እኔ ዲሲ መሀል ከተማ፣ ኬ ስትሪት አካባቢ፣ ለ11 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ከኛ ሰው ዲሲ መጥቶ ፓርኪንግ ያልሠራ፣ ወይም የሠራ ዘመድ የሌለው ስንት ይሆን? በጠዋት ገብቼ መኪና እቀበላለሁ። ከላያችን ያለው ሕንፃ የሕግ ቢሮና የሎቢ ቢሮ ነበር። ጥቋቁር መኪኖች ይገባሉ፣ ሰዎቹ ከምድር ቤቱ ቀጥታ በአሳንሰር ወደ ላይ ይወጣሉ። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አያያቸውም። ትሁት ሰዎች ናቸው፣ ሰላምታቸው ጥሩ ነው፣ ለበዓል ቲፕ ጨምረው ይሰጣሉ። በነሱ ላይ ቂም የለኝም።

ሎቢ ምን ማለት እንደሆነ የነገሩኝ ከኔ በፊት የመጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሥራ ባልደረባችን ነበሩ። «ደጅ ጥናት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከሳቸው የተሻለ ትርጉም ግን አላገኘሁም።

አያቴ በርስት ክርክር ከወሎ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ወራት ደጅ እንደጠኑ አባቴ ይነግረኝ ነበር። ደጅ የሚጠና ሰው በር ላይ ይቆማል። ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። ማን እንደቆመ፣ የማን በር ላይ እንደቆመ፣ ከማን ጋር እንደሚሟገት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል። አጋፋሪው ማንን አስገብቶ ማንን እንደመለሰም ይታወቃል። ያ ሥርዓት ጥሩ ነበር አልላችሁም፤ ድሃ ስንቁን ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ አገሩ የሚመለስበት ሥርዓት ነበር። በሩ ግን ይታይ ነበር። እኔ በሠራሁበት ምድር ቤት በኩል የሚገባው ደጅ ጠኚ ግን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ማንም አያይም።

ሎቢ ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። መንግሥትን አቤት ማለት በሕገ መንግሥታችሁ የመጀመሪያ ማሻሻያ ላይ የተጻፈ መብት ነው። እኛም ተጠቅመንበታል። በ2007 ኤችአር 2003 የሚባለው ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የቀረበው ረቂቅ ሕግ ሲመጣ፣ የዚህ አካባቢ ሀበሻ ሺፍት እየተቀያየረ ወደ ኮንግረስ ቢሮዎች ይመላለስ ነበር። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤቱ በኦክቶበር አሳለፈው፣ ሴኔት ደረሰና እዚያው ቀረ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ረቂቁ እንዳያልፍ ያሠራ ነበር። መካከላችን ደጋፊም ተቃዋሚም ነበረ፤ ያን ክርክር ዛሬ አልቀሰቅሰውም። ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው።

ዲኤልኤ ፓይፐር ያን ጊዜ የሠራው ለውጭ መንግሥት ስለሆነ፣ በ1938 በወጣው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ መሠረት መመዝገብ ነበረበት። በዚያ ሕግ የተመዘገበ ድርጅት በየስድስት ወሩ ለፍትህ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ያስገባል። ከየትኛው ቢሮ ጋር፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ጉዳይ እንደተነጋገረ እዚያ ላይ ይዘረዝራል። ኢሜይል ይሁን ስልክ ይሁን ስብሰባ፣ ይጽፋል። ሪፖርቱ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማለትም ለአንድ ድሃ አገር መንግሥት የሚሠራ ሎቢስት የማንን በር እንዳንኳኳ ይናገራል። በዓመት ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሚያስገባ ኩባንያ የሚሠራው ግን አይናገርም። ሁለቱም የሚያንኳኩት ያንኑ የእናንተን በር ነው። ይህ ልዩነት ለምን እንደኖረ ከእናንተ አንዱ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የአገር ውስጡን ሎቢ የሚገዛው በ1995 የወጣውና በ2007 የተሻሻለው የሎቢ ማሳወቂያ ሕግ ነው። ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ ይቀርባል። ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ20 ቀን ውስጥ በሁለቱ ምክር ቤቶች ጸሐፊዎች በኩል ይገባል። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሊያየው ይችላል። እኔም ከእራት በኋላ ከትልቁ ልጄ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። እሱ ኮምፒውተሩን ይዞ፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ገጽ በገጽ።

ቅጹ ላይ ያለው ይኸውላችሁ። ወጪው ወደሚቀርበው 10,000 ዶላር ተጠጋግቶ ይጻፋል። ጉዳዩ በኮድ ይመደባል፤ የሸማቾች ጉዳይ፣ ታክስ፣ ኢሚግሬሽን፣ የቅጂ መብት እየተባለ። ከዚያ የረቂቅ ሕጎቹ ስምና ቁጥር ይደረደራል። የሎቢስቶቹም ስም አለ፤ ቀድሞ ኮንግረስ ውስጥ ወይም መንግሥት ቤት ሠርተው ከሆነ ያንንም ማስመዝገብ አለባቸው። ይህ መልካም ነው፤ ያስቻሉትን ሰዎች አመሰግናለሁ። «ማንን አነጋገራችሁ» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ስለ ኮንግረስ ሁለት መስመር ብቻ አገኘን። «ሴኔት»፣ «የተወካዮች ምክር ቤት»። በቃ። ልጄ «ይኼ ብቻ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አንደኛው ቤት 100 ሰው፣ ሌላኛው 435 ሰው ያለበት ነው። አንድን ሰው የት ነው የምትኖረው ብትሉት «አሜሪካ» ብሎ ዝም ቢል መልስ ነው?

ሁለተኛው የጎደለው ነገር ከዚህም ይብሳል። ኩባንያው ረቂቁን ይደግፍ ወይም ይቃወም ቅጹ አይጠይቅም። የረቂቁን ስም ብቻ ጽፎ ያልፋል። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ የልጆችን የኢንተርኔት ደህንነት ሕግ፣ ኮሳ የሚሉትን፣ መከታተል ስጀምር ነው። ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ድሮ የተማሪ አውቶቡስ ውስጥ የልጅ ጫጫታ ሾፌሩን ያሳብድ ነበር ይላሉ አንጋፋዎቹ። አሁን ብዙውን ቀን ፀጥ ነው። መስታወቱ ላይ የማየው የጎነበሰ አንገት ብቻ ነው። ትንሿ ልጄም 14 ዓመቷ ነው፣ እሷም እንደነሱ ናት። ስልኩን እቀማታለሁ፣ መልሼ እሰጣታለሁ፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ይህን የሚያነብ ወላጅ ሁሉ ቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ አላስረዝመውም።

ኮሳን በ2022 ያቀረቡት ሴናተር ብሉመንታልና ሴናተር ብላክበርን ናቸው። አንዱ ዴሞክራት፣ አንዷ ሪፐብሊካን። በዚህ ዘመን ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ማየት ብርቅ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 የሴኔቱ የፍትህ ኮሚቴ የማኅበራዊ ሚዲያ ኃላፊዎችን ጠርቶ ጠየቃቸው። ከኋላ የልጆቻቸውን ፎቶ የያዙ ወላጆች ተቀምጠው ነበር። የሜታው ኃላፊ ማርክ ዙከርበርግ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ወደ ወላጆቹ ዞረው ይቅርታ ጠየቁ። ያን ቪዲዮ ያላየ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም፤ በቫይበሩም በቲክቶኩም ዞሯል። እኔ ይቅርታውን አላጣጥለውም። ሰው ፊት ቆሞ ይቅርታ ማለት ቀላል አይደለም።

ግን በዚያው ሩብ ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2024 ባለው ጊዜ፣ ሜታ ለሎቢ ያወጣው 7.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ በሦስት ወር ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ይቅርታውን ሁላችንም አየን፤ ካሜራ ነበር። በዚያ 7.6 ሚሊዮን የተባለውን ግን ማናችንም አልሰማንም።

ጁላይ 30 ሴኔቱ ሕጉን 91 ለ3 አሳለፈው። 91 ለ3! ሴፕቴምበር ላይ የተወካዮች ምክር ቤቱ የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴም አሻሽሎ አሳለፈው። ከዚያ ቆመ። ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርብ ዓመቱ አለቀ፣ የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ፣ ረቂቁም አብሮ ሞተ። በሜይ 2025 ሴኔት ውስጥ እንደገና ቀርቧል፣ ከዜሮ።

ሜታ ነው የገደለው ብዬ አልከስም። ማስረጃ የለኝም፣ ያለማስረጃ ሰው መክሰስ ነውር ነው። ሕጉን የተቃወሙት ኩባንያዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኤሲኤልዩን የመሰሉ የመብት ተሟጋቾችም የመናገር ነፃነትን ይነካል ብለው ሰግተዋል፤ ሥጋታቸውም የሚናቅ አይደለም። ሜታም በአደባባይ የራሱን ሐሳብ ተናግሯል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ መተግበሪያ ሲያወርድ ወላጅ በአፕ ስቶር በኩል ይፍቀድ የሚል ሕግ እንደሚደግፍ ገልጿል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት፣ ስናፕና ኤክስ ኮሳን እንደሚደግፉ በይፋ ተናግረዋል። እንግዲህ ልብ በሉ። ሕጉን የሚደግፍ ኩባንያም የሚቃወም ኩባንያም ሎቢ ሲያደርግ ቅጹ ላይ የሚጽፈው ያንኑ አንድ መስመር ነው። የረቂቁን ስም። ደጋፊውና ተቃዋሚው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እኔ ወላጅ ሆኜ ቅጹን ሳነብ ማን ለልጄ እንደቆመና ማን እንዳልቆመ መለየት አልችልም። ቅጹ ለዚህ ካልጠቀመኝ ለምን ይጠቅመኛል?

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል። ፌስቡክ ሎቢ ሲጀምር፣ በ2009፣ ዓመቱን ሙሉ ያወጣው ወደ 208,000 ዶላር ነበር። በ2024 ከ100 እጥፍ በላይ ሆኗል። 24.4 ሚሊዮንን ለዓመቱ ቀናት ስታካፍሉት፣ እሑድንም በዓልንም ጨምሮ፣ በቀን ከ66,000 ዶላር በላይ ይመጣል። እኔ ፓርኪንግ በሠራሁባቸው ዓመታት በአንዱም ዓመት ይህን ያህል አላገኘሁም። ለኩባንያው ግን ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ እዩት። በ2024 ያስገባው 164.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። የዓመቱን የሎቢ ወጪ በሙሉ ለመሸፈን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ገቢ ይበቃዋል። እኛ አንድ ቀን ከሥራ ቀርተን ወደ ቢሯችሁ ስንመጣ የምናጣው የቀን ደመወዝ ነው፣ አንዳንዱም ሥራውን።

በዚህ ላይ ይህ ቁጥር ሁሉንም አይጨምርም። ከሥራ ሰዓቱ 20 በመቶ በታች ሎቢ የሚሠራ ሰው እንደ ሎቢስት መመዝገብ አይጠበቅበትም። የማስታወቂያ ወጪም አይቆጠርም። በ2021 ፌስቡክ «የኢንተርኔት ሕጎች ይታደሱ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲያሳይ የነበረው ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ከዚህ ውጪ ነው። የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ራሳቸው የሎቢ ወጪው በዝርዝር ይነገረን ብለው በጉባኤ ጠይቀዋል። ዙከርበርግ ከግማሽ በላይ የሆነውን ድምፅ ብቻቸውን ስለሚይዙ አላለፈም። ባለቤቱ የተከለከለውን እኛ ከማን እንጠይቅ? ከእናንተ በቀር ማን አለን?

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። ያለምክንያት አይደለም።

ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የሁለት አገር ስም በተለይ አነሳች። አንዱ ምያንማር፣ አንዱ ኢትዮጵያ። ያየነው ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው ስትል አስጠነቀቀች። ያን ቀን ቤቴ ቴሌቪዥን ፊት ነበርኩ። የአገሬ ስም በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ጉዳይ ሲጠራ ምን እንደተሰማኝ መናገር ይከብደኛል። እህቴ ያን ጊዜ ደሴ ነበረች። በሚቀጥለው ወር ባሕር ዳር ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተገደሉ። ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ ጥላቻ ሲነዛባቸው እንደነበር፣ እንዲነሳ ብንጠይቅም በጊዜው አልተነሳም ብለው ልጃቸው በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሱ። በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ፍርዱ ገና ነው፣ እኔም አልፈርድም። የሞተው ግን የማንም ብሔር ይሁን የሰው ልጅ ነው፤ ያ ጦርነት ያላቆሰለው ቤት የለም።

ይህ ከሎቢ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ነው። እንደ ፌስቡክ ያለ መድረክ ሰዎች ለሚለጥፉበት ነገር ምን ያህል ይጠየቃል የሚለው ነገር በአመዛኙ የተወሰነው በ1996 በወጣው ሕግ፣ አንቀጽ 230 በሚባለው፣ እዚህ ዋሽንግተን ነው። ይቀየር፣ አይቀየር የሚባለውም እዚሁ እናንተ ጋ ነው። ደሴ ያለችው እህቴ፣ መቀሌ ያለው የጓደኛዬ ወንድም፣ ነቀምት ያለው የጎረቤቴ አባት በዚህ ውሳኔ ውስጥ ይኖራሉ። ኬ ስትሪት ላይ ግን ሎቢስት የላቸውም። ለኮንግረስም ድምፅ አይሰጡም። ድምፅ ያለን እኛ ነን፤ እኛም ብንሆን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነው ነን እንጂ፣ ዲሲ ውስጥ የሚኖረው ወገናችን ድምፅ መስጠት የሚችል ተወካይ እንኳ የለውም። እሱ ራሱን የቻለ በደል ነው፤ ሌላ ጊዜ እጽፍበታለሁ።

እኔም የበኩሌን ሞክሬያለሁ። በ2024 መኸር ኮሳ ሲቆም፣ ወደ አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። ስሜንና ዚፕ ኮዴን ወሰደች፣ አስተላልፋለሁ አለችኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። ስለ መንገድ ጥገና ነው የሚያወራው። ምናልባት በስሕተት የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ እንደገና ደወልኩ፤ መልዕክት ተው የሚል ማሽን አነሳው። ልጅቷን አልወቅሳትም። ደብዳቤውን ግን አልጣልኩትም፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ። ያን ቀን ያንኑ ቢሮ ማን በአካል ገብቶ ቁጭ ብሎ አነጋገረ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አይቻልም እንዳትሉኝ፣ የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ነው። ካናዳ ውስጥ ሎቢስት ከአንድ የፓርላማ አባል ወይም ከፍተኛ ባለሥልጣን ጋር ቀጠሮ ይዞ ከተነጋገረ፣ የሰውየውን ስም፣ ቀኑንና ጉዳዩን በሚቀጥለው ወር እስከ 15ኛው ቀን ያስመዘግባል። ማንም ገብቶ ያየዋል። አውሮፓም የኅብረቱ ኮሚሽነሮች ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከሎቢስቶች ጋር ያደረጉትን ስብሰባ ራሳቸው ያወጣሉ። ካናዳም አልፈረሰች፣ ብራስልስም አልቆመች። እዚያ ቢሮ ያላቸው ኩባንያዎች እዚያ ሲሆን ይጽፋሉ፤ እዚህ ሲሆን ግን አይጠየቁም።

የተራ ዜጋ ምስጢር ይወጣል የሚል ካለ፣ እኔ ስለ ተራ ዜጋ አላወራሁም። ስለ ቪዛው፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ ልጁ በሽታ ሊነግራችሁ የሚመጣ ሰው ስሙ የትም መጻፍ የለበትም። የምለው ተመዝግቦ፣ ተከፍሎት፣ ለኩባንያ ስለሚሠራ ሎቢስት ነው። ሥራ ይበዛበታል የሚልም ካለ፣ ያ ሰው ማንን እንዳገኘና ምን መልስ እንዳገኘ ለአሠሪው ሪፖርት ማድረጉ አይቀርም። እኔ እንኳ ፓርኪንግ ስሠራ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደወጣ በየቀኑ እጽፍ ነበር። ትኬት የሌለው መኪና አልነበረም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የ1995ቱን ሕግ አሻሽሉትና ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩበት። ያነጋገሩት የምክር ቤት አባል ወይም ቢሮ ስም ከነቀኑ፣ እና ረቂቁን ደግፈው ነው ወይስ ተቃውመው። ሁለት መስመር ብቻ። ሕጉ እስኪወጣ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ የኮሳን ታሪክ አይቼ ሌላ አልጠብቅም። እስከዚያ ግን ከሎቢስቶች ጋር የያዛችሁትን ቀጠሮ ዝርዝር በየወሩ ራሳችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ። የሚከለክላችሁ የለም። ከእናንተ አንዱ ቢጀምር እንኳ ሌላው ለምን አላወጣህም ተብሎ ይጠየቃል።

ለናንተ ደግሞ፣ ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የካፒቶሉ ስልክ 202-224-3121 ነው። ስቴታችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ስትነግሯቸው ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ያገናኟችኋል። እንግሊዝኛዬ አይመችም የሚል ልጁን ይዞ ይደውል፤ የኔ ልጆች ስንት ወረቀት አንብበውልኛል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ባለፉት ሦስት ወራት የሜታ ሎቢስት ቢሯችሁ መጥቶ ነበር? መጥቶ ከሆነስ ምን ጠየቀ? የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ጠይቁ። የመለሰላችሁን ሰው አመስግኑ፣ የተባላችሁትን ከነቀኑ ጻፉት። አትቆጡ፣ አትሳደቡ፤ ስልክ የሚያነሱት አብዛኞቹ የተማሪ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።

እኔ ሰኞ የጠዋቱን ዙር ጨርሼ፣ አውቶቡሱን አቁሜ እደውላለሁ። የተባልኩትን ቃል በቃል እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ማንም ካላነሳውም ያንኑ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ አባት